ስንት ኪሎ ልርገጥ?

ጤናችን፦ የዚህ ሳምንት ትምህርት



ዛሬ የምንነጋገረው የእግር አጥንቱ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ስለተደረገለት ሰው ነው። ይህ ሰው ከሆስፒታል የሚወጣው በክራንች ነው። ክራንች በብብት ሥር የሚገባ ወይም በክንድ የሚያዝ ጥንድ መደገፊያ ነው።

«ክራንች ለመያዝ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ያስፈልጋል እንጂ! ቀዶ ሕክምናው በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን ወራት ይፈጃል። ያንን ሥራ የሚሠራው ሐኪሙ አይደለም። ሕመምተኛው ራሱና ቤተሰቡ ናቸው። እነሱ ሥራውን ካወቁ እግሩ ይድናል። ካላወቁ የሐኪሙ ድካም ከንቱ ይቀራል።

ከገጠር እስከ ጀሞ

ነፋስ ስልክ ላፍቶ በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል ያለ ክፍለ ከተማ ነው። ጀሞ፣ ለቡ፣ ላፍቶ፣ መካኒሳና ጎፋ በዚህ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። በእነዚህ ሰፈሮች በክራንች የሚሄድ የገጠር ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ የአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት። ጥቁር አንበሳ አንዱ ነው። አለርት ሌላው ነው። አለርት በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ ሆኖ ተቋቋመ። ዛሬ ግን በአደጋ የተጎዱ ሰዎችንም ያክማል። ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ሩቅ አይደለም።

ከገጠር መጥቶ የታከመ ሰው ከሆስፒታል እንደወጣ ወዲያው አገሩ አይገባም። የቁስሉ ስፌት መውጣት አለበት። ይህም ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ቀጠሮም አለ። ስለዚህ ዘመድ ቤት ያርፋል። ዘመዱ ደግሞ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ይኖር ይሆናል። እዚያ ያሉት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ አላቸው። ሊፍት የላቸውም። ሜዳ ለሜዳ መሄድን የለመደ ሰው በክራንች ደረጃ መውጣትና መውረድ ግድ ይሆንበታል።

ከዚያ አገሩ ሲገባ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ጭቃው፣ ዳገቱ፣ በረቱ፣ እርሻው አለ። የዛሬው ትምህርት ለሁለቱም ቦታ ይሆናል።

«ትንሽ» ስንት ነው?

እስቲ አንድ ምሳሌ እናንሣ። አንድ ገበሬ የባት አጥንቱ ተሰበረ እንበል። ሐኪም ከፍቶ አጥንቱን በብረት አያያዘለት። ጀሞ ልጁ ቤት አርፏል። ልጁ ትጠይቀዋለች።

— አባባ፣ ሐኪሙ ምን አሉህ?

— «በትንሹ እየረገጡ ይሂዱ» አሉኝ፣ ልጄ።

— ትንሽ ማለት ስንት ነው?

— እኔ ምን አውቄ! ትንሽ ነዋ፣ ትንሽ!

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የአንዱ ትንሽ ለሌላው ብዙ ነው። ገበያ ወጥተን «ትንሽ ጤፍ ስጠኝ» ብለን ገንዘብ አንከፍልም። በቁና ወይም በኪሎ እናስለካለን። የእግር አረጋገጥም እንደዚሁ ልክ አለው። ልኩም በኪሎ ይነገራል።

ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚያዟቸው ልኮች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ. ምንም አለመርገጥ። የታመመው እግር መሬት አይነካም። ክብደቱን ሁሉ ደኅናው እግርና ሁለቱ እጆች ይሸከማሉ።

2ኛ. መሬት ማስነካት ብቻ። እግሩ መሬት ላይ ያርፋል፤ ግን ክብደት አይጣልበትም። ከእግራችን ሥር ጥሬ እንቁላል ያለ ይመስል እናስነካለን። እንቁላሉ መሰበር የለበትም።

3ኛ. በከፊል መርገጥ። እግሩ የታዘዘለትን ኪሎ ብቻ ይሸከማል። 10 ወይም 20 ወይም 30 ኪሎ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ «የክብደትህን ግማሽ» ወይም «ሩብ» ተብሎ ይታዘዛል።

4ኛ. እንደ ቻሉ መርገጥ። ሕመሙ እስከፈቀደ ድረስ ይረግጣል።

5ኛ. በሙሉ መርገጥ። እግሩ እንደ ድሮው ይሸከማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የጎረቤት ልክ ለእኛ አይሆንም። ከጎናችን ባለው አልጋ ላይ የተኛው ሰው በማግስቱ ሙሉ እንዲረግጥ ተነግሮት ይሆናል። እኛ ደግሞ ስድስት ሳምንት እንዳንረግጥ ተነግሮን ይሆናል። የሁለቱም ትእዛዝ ትክክል ሊሆን ይችላል። የተሰበረው ቦታ፣ የስብራቱ ዓይነት፣ የገባው ብረት ይለያያል። «እገሌ እኮ በወሩ ክራንቹን ጣለ!» የሚል ምክር አንስማ።

ለምን በልክ?

ወይፈን ለእርሻ ሲገራ አይታችኋል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ቀን አይጠመድም። ቢጠመድ ይጎዳል። ለዓመታት ያለ ቀንበር ከተተወም በሬ አይወጣውም። ቀስ በቀስ፣ ቀላሉን እያስለመዱ ነው የሚገራው።

የሚጠግን አጥንትም እንዲሁ ነው። የተሰበረው ቦታ ላይ መጀመሪያ ለስላሳ አዲስ አካል ይበቅላል። ቀስ እያለ ይጠነክራል። በመጨረሻ አጥንት ይሆናል። የጭን ወይም የባት አጥንት በአዋቂ ሰው ላይ ለመጠገን ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ክብደት ሲያርፍበት አጥንቱ ይበረታል። ምንም ሳይነካ በጣም ከቆየ ግን አጥንቱ ይሳሳል። ሥጋው ይከሳል። መገጣጠሚያውም ይደርቃል። ስለዚህ እርገጥ የተባለ ሰው በፍርሃት እግሩን አንጠልጥሎ መቀመጥ የለበትም።

ከልክ በላይ መርገጥስ? «ብረት ገብቶልኛል፤ ምን እሆናለሁ?» የሚል ሰው አለ። ብረቱ ለዘለዓለም እንዲሸከም አልገባም። አጥንቱ እስኪጠግን አስተካክሎ እንዲይዝ ነው የገባው። ሽቦ በእጃችን ይዘን ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ብናጥፈው ምን ይሆናል? በመጨረሻ ይቆረጣል። በእግር ውስጥ ያለው ብረትም አጥንቱ ሳይጠግን በየእርምጃው ሙሉ ክብደት ከተጣለበት ሊጎብጥ ወይም ሊሰበር ይችላል። ያኔ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ሁለተኛ ወጪ፣ ሁለተኛ የእርሻ ወራት ይባክናል።

ትልቁ አሳሳች ነገር ሕመም ነው። ሕመሙ የሚጠፋው አጥንቱ ከመጠገኑ በፊት ነው። በሁለተኛው ወር ሰውዬው «አሁንስ ድኛለሁ» ይላል። ክራንቹን ጥግ ያስደግፋል። ሞፈር ያነሣል። እግሩ የሚሰበረውም ያኔ ነው። የሕመም መጥፋት የአጥንት መጠገን ምስክር አይደለም። ምስክሩ ራጅና የሐኪም ምርመራ ነው።

ልኩን በሚዛን እንማር

እግር ኪሎ አያነብም። ማስተማር ያስፈልገዋል። የሚያስተምረውም ሚዛን ነው።

በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ትንሽ የሰው ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። በጥቂት ገንዘብ ይመዝናሉ። እንዲህ ዓይነት ሚዛን ዘመድ ቤትም ሊኖር ይችላል። በገጠርም ጤና ጣቢያ የሰው ሚዛን አለ። የወፍጮ ቤቱ የእህል ሚዛን ግን ለዚህ አይመችም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የሰውዬው ክብደት 60 ኪሎ ነው እንበል። በሁለት እግሩ እኩል ሲቆም፣ 60 ለ2 ሲካፈል 30 ይሆናል። አንዱ እግር 30 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሲራመድ ግን አንዱ እግር ተነሥቶ ሌላው ብቻውን መሬት ላይ ይቀራል። ያኔ ያ እግር 60ውንም ይሸከማል። ሐኪሙ ያዘዘው 20 ኪሎ ከሆነ፣ ከ60 ላይ 20 ሲቀነስ 40 ይቀራል። ያንን 40 ኪሎ የሚሸከሙት ሁለቱ እጆች በክራንቹ በኩል ናቸው። እጅ ቶሎ የሚደክመው ለዚህ ነው።

አሁን ልምምዱን እንይ። ብቻችንን አናድርገው። አንድ ሰው አጠገባችን ይቁም። ከኋላችንም ወንበር ይቀመጥ።

ሀ. ሚዛኑን ደልዳላ መሬት ላይ እናስቀምጥ። ከጎኑ በከፍታ እኩል የሆነ ጣውላ እናድርግ።

ለ. ሁለቱን ክራንች ይዘን እንቁም። ደኅናው እግር በጣውላው ላይ፣ የታመመው እግር በሚዛኑ ላይ ይሁን።

ሐ. በእጃችን ክራንቹን እየተጫንን ቀስ ብለን ወደ ታመመው እግር እናዘንብል። አጠገባችን ያለው ሰው ቁጥሩን ያንብብ። «አሥር… አሥራ አምስት… ሃያ! በቃ!»

መ. ሃያው ላይ ቆም እንበል። ምን ያህል እንደሚሰማን እናስተውል። እጃችን ምን ያህል እንደተጫነም እናስተውል። ከዚያ ክብደቱን እናንሣ።

ሠ. ይህን አሥር ጊዜ ያህል እንድገመው። በመጨረሻ ቁጥሩን ሳናይ እንጫንና ሰውዬው ስንት እንደሆነ ይንገረን። ሃያ አካባቢ ከሆነ እግራችን ተምሯል።

ልምምዱን በየቀኑ መደጋገም ይገባል። እግር ይረሳል። ደግሞም ሰው ሲራመድ ካሰበው በላይ መጫን ይቀናዋል። ስለዚህ እርምጃችን አጭርና ዝግ ያለ ይሁን።

ክራንቹ ልካችን ነው?

የብብት ክራንች ስንቆም ጫፉ ከብብታችን ሁለት ወይም ሦስት ጣት ዝቅ ይበል። የእጅ መያዣው፣ እጃችንን ዝም ብለን ስናንጠለጥል አንጓችን ላይ ይድረስ። ስንይዘው ክርናችን ጥቂት ይታጠፍ።

ክብደት የሚጣለው በመዳፍ ላይ ነው። በብብት ላይ አይደለም። በብብት ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው በብብቱ የሚያልፈውን ጅማት ይጎዳል። ያ ጅማት ነርቭ ይባላል። ከተጎዳ እጅ ይደነዝዛል፣ አንጓም ይዝላል። እግር ሲድን እጅ መታመም የለበትም።

የክራንቹን ጫማ ማለትም ጎማውን በየሳምንቱ እንየው። ካለቀ ይቀየር። የሚዞሩ ብሎኖች ካሉም ላልተው እንደሆነ እንመልከት።

በአገራችን ክራንች ሲሠራ ቆይቷል። በመናገሻ ያለው በ1950ዎቹ የተቋቋመው የቼሻየር ማእከል ፖሊዮ እግራቸውን ለጎዳቸው ልጆች ክራንችና የእግር መደገፊያ ሲሠራ ኖሯል። በገጠርም ቀላልና ጠንካራ እንጨት መርጦ ክራንች የሚጠርብ አናጢ አይጠፋም። አናጢው ልኩን ከያዘና ከታች ጎማ ከመታበት ያገለግላል።

አንድ ሐሳብም እናቅርብ። ዕድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ሳሕን ገዝቶ ያስቀምጣል። ከፍና ዝቅ የሚል አንድ ጥንድ ክራንች ቢጨምርስ? ሕመምተኛው ሲድን ይመልሰዋል። ለሚቀጥለውም ሰው ይደርሰዋል።

አረማመድ

በከፊል እርገጥ የተባለ ሰው በሜዳ ላይ እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ሁለቱን ክራንች አንድ አጭር እርምጃ ወደ ፊት ያስቀድማል። ቀጥሎ የታመመውን እግር በሁለቱ ክራንች መካከል ያደርሳል። እጁን ተጭኖ ክብደቱን ወደ ክራንቹ ይሰጣል። ከዚያ ደኅናውን እግር ያመጣል። ክራንች፣ የታመመው፣ ደኅናው። ክራንች፣ የታመመው፣ ደኅናው።

እግሩ ሲያርፍ ሙሉ ውስጥ እግሩ ይረፍ። በጣት ብቻ መርገጥ ጥሩ ልማድ አይደለም። ዓይን ደግሞ እግር ላይ ሳይሆን ከፊት ያለውን መንገድ ይይ።

ደረጃ ላይስ?

ለጀሞና ለላፍቶ ኮንዶሚኒየም ይህች አንዲት አባባል ትበቃለች።

ሲወጡ ደኅናው ይቅደም፤
ሲወርዱ የታመመው ይቅደም።

ሲወጡ ደኅናው እግር ላይኛው ደረጃ ላይ ይወጣል። ሰውነትን ጎትቶ የሚያነሣው እሱ ነው። የታመመው እግርና ክራንቹ ይከተላሉ። ሲወርዱ ክራንቹና የታመመው እግር አንድ ላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ደኅናው ከላይ ሆኖ ሰውነትን ይይዛል። ከዚያ እሱም ይወርዳል።

መያዣ ብረት ካለ በአንድ እጅ ብረቱን እንያዝ። ክራንቹን በሌላው እጅ እናድርግ። ሁለተኛውን ክራንች ቤተሰብ ይያዝልን። ደጋፊው ሰው ሲወጡም ሲወርዱም ሁልጊዜ ከሕመምተኛው በታች በኩል ይቁም። ሰው የሚወድቀው ወደ ታች ነውና። በየፎቁ ማረፊያ ላይ ትንፋሽ እንሰብስብ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ዘመድ አራተኛ ፎቅ ከሆነና ሌላ ዘመድ ምድር ቤት ካለው፣ ለጥቂት ሳምንት ምድር ቤት ማረፍ ይሻላል። ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ከመመላለስ ጉዳይን ሰብስቦ አንድ ጊዜ መውረድ ይሻላል።

ቤት ውስጥና መንገድ ላይ

በክራንች የሚሄድ ሰው ጠላቱ ብዙ ነው። ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዝ ቄጤማ ያንሸራትታል። ባለ ክራንች ያለበት ቤት ለጊዜው ያለ ጉዝጓዝ ቡና ይጠጣ። ቡናው አይቀርም! ኮንዶሚኒየም ቤት የተወለወለ ወለል እስኪደርቅ እንታገሥ። በገጠር ቤት ገመድ፣ እንቅብ፣ ዶሮና ውሻ መንገድ ላይ እንዳይሆኑ ልጆች ያጽዱ። ለሌሊት መብራት ከራስጌ ይኑር።

መቀመጫ ከፍ ያለ ይሁን። ከዱካ ላይ መነሣት ለታመመ እግር ከባድ ነው። ሽንት ቤትም ችግር ነው። ቁጢጥ ማለት ስለማይቻል መቀመጫው የተበሳ ወንበር ከጉድጓዱ በላይ ማድረግ ይቻላል። አናጢ በአንድ ቀን ይሠራዋል።

ሁለት እጅ ክራንች ስለያዘ ዕቃ መያዝ አይችልም። በአንገት የምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ያስፈልጋል። ውኃና ወረቀት እዚያ ይገባል። ትኩስ ነገር ግን ሌላ ሰው ያቅርብ።

ከጀሞ ሜክሲኮ ወይም ወደ ሆስፒታል በታክሲ ስንሄድ ሰዓት አስቀድመን እንውጣ። ለረዳቱ «ወንድሜ፣ በደንብ ይቁምልኝ» እንበል። የፊት ወንበር ወይም በር አጠገብ እንጠይቅ። አብዛኛው ሰው ይነሣል። በ1990ዎቹ የተሠራውን ቀለበት መንገድ ስናቋርጥ መኪና መካከል አንግባ። የእግረኛ ድልድዩ ደረጃ ቢኖረውም፣ ደረጃ አወጣጡን ተምረናል።

ወጌሻና መታሸት

ወጌሻ በአገራችን የቆየ ሙያ ነው። ነገር ግን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ብረት የገባለት እግር አይታሽም። በመቃ ወይም በእንጨት ተጠፍሮም አይታሰርም። በጣም የጠበቀ ማሰሪያ ደም ያግዳል። በዚህ ምክንያት ሥጋው ሞቶ እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ የደረሰበት ጊዜ በአገራችን ሆስፒታሎች ታይቷል። እግሩ ካበጠ በትራስ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው። ጣትና ቁርጭምጭሚትን በቀን ብዙ ጊዜ ማንቀሳቀስም ደም ያዘዋውራል።

ምግብስ? ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ባቄላና ሽሮ፣ ጎመን ለአጥንት ይጠቅማሉ። ሲጋራ ግን አጥንት እንዳይጠግን ያዘገያል። የሚያጨስ ሰው ቢያንስ አጥንቱ እስኪጠግን ይተወው።

ሳንውል ሳናድር ወደ ሐኪም

እነዚህ ምልክቶች ከታዩ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንሂድ።

— ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ካወጣ፣ ከሸተተ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ።

— የእግር ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ።

— ባቱ አብጦ ጠንክሮ ካመመ። ይህ የረጋ ደም ምልክት ሊሆን ይችላል።

— ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ። ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ለደቂቃም አይቆይም።

— ከወደቅን፣ እግሩ «ቀጭ» ካለ፣ ወይም ድንገት ከጎበጠ።

ሦስት ነገር ይጻፍልን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከሆስፒታል ስንወጣ የሚሰጠን ወረቀት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ወረቀቱ ለሌላ ሐኪም ስለሚያስፈልግ በደንብ እናስቀምጠው። እኛ ግን በራሳችን ቋንቋ የምናነበው ያስፈልገናል። ስለዚህ ሐኪሙን ወይም ፊዚዮቴራፒስቱን እንዲህ እንበል። «እባክዎ ዶክተር፣ ሦስት ነገር በአማርኛ ይጻፉልኝ።»

1. ስንት ኪሎ ልርገጥ?

2. እስከ መቼ?

3. ቀጠሮዬ መቼና የት ነው?

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን እናረጋግጥ። መልሱ አንድ መስመር ይበቃል። ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል። «20 ኪሎ። እስከ ጥር 15። ጥር 15 ጠዋት በ2 ሰዓት ለራጅ ይምጡ።» ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የእግሩ ባለቤት እኛ ነን።

ወረቀቱን ቤት ስንደርስ ግድግዳ ላይ እንለጥፈው። ልጆችም ጎረቤትም ያንብቡት። «አባባ፣ ዛሬ እኮ ገና ታኅሣሥ ነው፤ ሞፈሩን አስቀምጥ!» የሚል ልጅ ይኑር። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ቁጥሩን ይቀይራል። ሃያው ሠላሳ ይሆናል። ሠላሳው ሙሉ ይሆናል። አሮጌውን ቁጥር ሰርዘን አዲሱን እንጻፍ። ቀጠሮው ሩቅ ነው፣ መሣፈሪያው ብዙ ነው ብለን እንዳንቀር። ሐኪሙን በአቅራቢያችን ራጅ የሚያነሣ ሆስፒታል እንዳለ አስቀድመን እንጠይቀው።

እርሻውስ?

ይህ የእያንዳንዱ ገበሬ ጥያቄ ነው። አጥንት የሰኔን ዝናብ አይጠብቅም፤ ሰኔም አጥንትን አይጠብቅም። መሬቱ ጦሙን ቢያድር ቤተሰብ ይራባል። ሰው ክራንቹን ያለ ጊዜው የሚጥለው ሰንፎ አይደለም። ጨንቆት ነው። ስለዚህ «እረፍ» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም።

ደቦና ወንፈል ያለን ለዚህ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ገና ሆስፒታል ሳለ ቤተሰቡ ጎረቤት ይማከር። ማን ያርሳል? መቼ? በማን በሬ? ሰውዬው ደግሞ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አያጣም። ዘር ይመርጣል፣ ገመድ ይፈትላል፣ የእርሻ ዕቃ ያድሳል፣ ልጆች ያስጠናል። ድኖ ሲነሣ ወንፈሉን በጉልበቱ ይመልሳል። ጉልበቱ የሚኖረው ግን ዛሬ በልክ ከረገጠ ነው።

እስቲ እንወያይ

1. «በትንሹ እርገጥ» የሚለው ቃል ለምን አይበቃም?

2. አንዲት እናት 48 ኪሎ ትመዝናለች። ሐኪሙ የክብደቷን ሩብ ብቻ እንድትረግጥ አዘዘ። እግሯ ስንት ኪሎ ይሸከማል? እጆቿስ?

3. ሕመም ሲጠፋ ክራንች መጣል ለምን አደገኛ ነው?

4. በሰፈራችን አሁን በክራንች የሚሄድ ሰው አለ? ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎለታል? ማን ያርስለታል?

የቃላት ፍቺ

ራጅ — የአጥንትን ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ፤ ፎቶግራፉም ራጅ ይባላል።

ፊዚዮቴራፒስት — የተጎዳ ሰው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያስተምር የጤና ባለሙያ።

ነርቭ — ከአንጎልና ከአከርካሪ ወደ ሰውነት መልእክት የሚያደርስ ጅማት።

የ2ኛው ጥያቄ መልስ፦ እግሯ 12 ኪሎ፣ እጆቿ 36 ኪሎ ይሸከማሉ። ያገኛችሁት በርቱ! ያላገኛችሁትም ሒሳቡን ድገሙት። ሳምንት በደኅና ያገናኘን።